ሰባት፣ ዐሥራ አራት፣ አርባ ሁለት፦ የመድኃኒት ቀናት ታሪክ

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የከተማ ልጅ ይኖራል ብለን አንገምትም። ከፋርማሲው መስታወት ኋላ የቆመችው ባለሙያ በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ትጽፍልናለች፤ እኛም ኪሳችን ከትተን እንወጣለን። ለምን ስድስት እንዳልሆነ፣ ለምን ዘጠኝ እንዳልሆነ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ ይመስል አሜን ብለን እንቀበለዋለን።

ዛሬ ይህንን ቁጥር ልንጠይቀው ነው። ከየት መጣ? ማን ቆጠረው? የምንጠይቀው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በመካከላችን እግራቸው ውስጥ ብረት የገባላቸው፣ ደረታቸው ላይ ከቆዳ ሥር የልብ ባትሪ (ፔስሜከር) የተቀበረላቸው፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ የገባ ዕለት «ስንት ቀን?» የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ይሆናል። የሚገርመው፣ ሕክምናው በሰማንያ ዓመት ጉዞው ለሌሎቻችን መልሱን እያጠራ ሲመጣ ከእነርሱ ብዙዎቹን በር ላይ ትቷቸው መግባቱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አምስት ቀን

ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ እንዳገኘው ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙም ያልተነገረን ነገር፣ ያ ሻጋታ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት እስኪሆን ከዐሥር ዓመት በላይ መቆየቱ ነው። ወደ መድኃኒትነት የቀየሩት ኦክስፎርድ የነበሩት ሀዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይን፣ ኖርማን ሂትሊና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ፌብሯሪ 12 ቀን 1941፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል እንግሊዛዊ ፖሊስ ኦክስፎርድ ሆስፒታል ተኝቶ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ፊቱን አበላሽተው፣ አንድ ዓይኑን አስወጥተው፣ ሳንባው ደርሰዋል። መርፌው ተጀመረለት። በቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፤ እህል መቅመስ ጀመረ። ችግሩ መድኃኒቱ እዚያች ቤተ ሙከራ ውስጥ ካለችው ጥቂት በቀር የትም አለመኖሩ ነው። የሰውየውን ሽንት እየሰበሰቡ ወደ ቤተ ሙከራው ወስደው፣ ውስጡ ያለውን ፔኒሲሊን አጥርተው መልሰው ወጉት። በአምስተኛው ቀን ግን አለቀ። ሰውየው ጥቂት ጊዜ ደህና ሰነበተና ሕመሙ አገረሸበት። ማርች 15 ቀን ሞተ።

ልብ በሉ። የመጀመሪያውን የፔኒሲሊን ሕክምና ርዝማኔ የወሰነው ሐኪሙም ባክቴሪያውም አይደለም፤ ጎተራው ነው። ትምህርቱ ግን ቀረ፦ መሻልና መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትኩሳቱ የወረደለት ሰው ጠላቱ ሞቶለታል ማለት አይደለም።

ጠላቱ ምን ያህል ክፉ እንደነበር ለማወቅ የቦስተኖቹን ሐኪሞች የስኪነርንና የኪፈርን ጽሑፍ ማየት ይበቃል። ጽሑፉ የወጣው በዚያው በ1941 ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸውን 122 ሕሙማን ቆጠሩ። ከመቶ 82ቱ ሞተዋል። በዚያ ዘመን «ስንት ቀን እንስጥ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ የሚሰጥ አስተማማኝ ነገር አልነበረማ!

በማርች 1942 ግን አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሄቨን ከተማ፣ አን ሚለር የምትባል ሴት ጽንስ ካስወረዳት በኋላ ስትሬፕቶኮከስ ደሟ ውስጥ ገብቶ ልትሞት ስትል ፔኒሲሊን ተሰጣት። ትኩሳቷ በአንድ ሌሊት ወረደ። እስከ 1999 ድረስ ኖራ በ90 ዓመቷ አረፈች። ከእርሷ በኋላ ጥያቄው ተቀየረ። «ይሠራል ወይ?» መባሉ ቀርቶ «እስከ መቼ?» መባል ተጀመረ።

ስድስት ሳምንት

«እስከ መቼ?» ለሚለው የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ከልብ ነው። ኢንዶካርዳይተስ የሚባል በሽታ አለ። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ የልብ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል፤ በዙሪያው የረጋ ደምና ፋይብሪን ይከማችና እንደ ምሽግ ይሆንለታል። ነጭ የደም ሕዋሳት እዚያ ምሽግ ውስጥ እንደ ልብ አይገቡም። ከፔኒሲሊን በፊት ይህ በሽታ የያዘው ሰው መጨረሻው የታወቀ ነበር።

ፔኒሲሊን ሲመጣ ሐኪሞች ለእነዚህም ሞከሩት፤ በጥቂቱ፣ ለጥቂት ቀን። ሕሙማኑ ተሻላቸው። መድኃኒቱ ሲቆም ትኩሳቱ ተመለሰ። ሞቱ። ስለዚህ በጦርነቱ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እጥረት ያለበትን ፔኒሲሊን የሚያድለው ኮሚቴ «ለዚህ በሽታ አይባክን» ወደሚል አቋም ደረሰ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ማን ይመስላችኋል? ያው ቼስተር ኪፈር፣ ከመቶ 82 ሙታን የቆጠረው።

ብሩክሊን ውስጥ ሊዮ ሎዊ የሚባል ሐኪም ግን አልተዋጠለትም። የፋይዘር ኩባንያ ኃላፊ የነበረውን ጆን ስሚዝን አሳምኖ መድኃኒት አገኘ። ሌሎች ከሚሰጡት የበለጠ መጠን፣ ከሌሎች ለረዘመ ጊዜ፣ ደም ከሚያቀጥነው ሄፓሪን ጋር አድርጎ ሰጠ። በ1944 በተከታታይ ያከማቸው ሰባት ሕሙማን እንደተሳካላቸው አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ሲሞክሩ፣ ሲያሳጥሩና ሲያገረሽባቸው፣ ሲያስረዝሙና ሲያድኑ፣ ነገሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ላይ ረጋ። ሄፓሪኑ በኋላ ቀረ፤ ሳምንታቱ ቀሩልን።

እንግዲህ ይህ ቁጥር እንደ መጀመሪያው አይደለም። የተቆጠረው በተመላሾች ነው፤ ድነዋል ተብለው ወጥተው በተመለሱ ሰዎች።

የሚያንቀላፉት

በዚያው በ1944 ደብሊን ከተማ ውስጥ ጆሴፍ ቢገር የሚባል ተመራማሪ አንድ የማይመች ነገር አየ። ስታፊሎኮከስን ፔኒሲሊን ውስጥ ነከረው። ሁሉም ሞቱ ማለት ይቻላል። ግን ከሚሊዮን አንድ ያህሉ አልሞቱም። መድኃኒቱን የለመዱ ናቸው እንዳይባል፣ እነዚህኑ ተራፊዎች አራብቶ ልጆቻቸውን መልሶ ፔኒሲሊን ውስጥ ሲነክራቸው ልጆቹ እንደ ማንኛውም ባክቴሪያ ሞቱ። እንግዲህ ተራፊዎቹን ያዳናቸው የተለየ ዘር መሆናቸው አይደለም፤ ማንቀላፋታቸው ነው። ፔኒሲሊን የሚገድለው ግድግዳ እየገነባ የሚያድገውን ባክቴሪያ ነው። ሥራ ፈትቶ የተኛውን አያገኘውም።

ቢገር ስም አወጣላቸው፤ በእኛ ቋንቋ «እንቢተኞቹ» ልንላቸው እንችላለን። ጽሑፉ ለብዙ ዓመታት አስታዋሽ አጥቶ ተቀመጠ። እኛ ግን እናስታውሰው፤ ወደኋላ ያስፈልገናል።

ንጉሡ የቆጠረልን ሳምንት

ታዲያ ሰባቱና ዐሥራ አራቱስ? ብራድ ስፔልበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በቀልድ አዋዝቶ ወደ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ወሰደው። ቆስጠንጢኖስ በ321 ዓ.ም. እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ሲያውጅ ሰባት ቀን ያለው ሳምንት በሮም ግዛት በሕግ ጸና። ንጉሡ ሳምንቱን አራት ቀን ቢያደርገው ኖሮ ሐኪሞች ዛሬ ለአራትና ለስምንት ቀን ያዙልን ነበር ማለት ነው! ባክቴሪያ እሑድን አያውቅም። ሐኪም ግን ያውቃል።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጸበል የሚሄድ ሰው «አንድ ሱባኤ» ወይም «ሁለት ሱባኤ» ይላል፤ ሰባት ወይም ዐሥራ አራት ቀን ማለቱ ነው። ሐኪሙም ነጭ ካፖርት ለብሶ የሚቆጥረው ያንኑ ነው። አንድ ሱባኤ ለሳንባ ምች፣ ሁለት ሱባኤ ለደም፣ ስድስት ሱባኤ ለልብ ቫልቭ።

ደግሞ «ጀምረህ አታቋርጥ» የሚለው ምክር አለ። ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ፍሌሚንግ በዲሴምበር 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ካደረገው ንግግር ነው። ፍሌሚንግ አንድ ምናባዊ ሰው ፈጠረ። ሰውየው ጉሮሮውን ታሞ ፔኒሲሊን ገዝቶ በጥቂቱ ይወስዳል፤ ስትሬፕቶኮከሱ ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርሷን መድኃኒቱ አያድናትም። ተረቱ ጥሩ ነው፤ ያስፈራል። ነገር ግን የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ ይህንን ሁሉ ዓመት ለፔኒሲሊን እጁን እንደሰጠ ነው። መድኃኒትን በመልመድ ያስቸገሩን ይበልጡን ሌሎች ናቸው፤ በሽታ ሳያመጡ አንጀታችንና ቆዳችን ላይ የሚኖሩት። እነርሱ ደግሞ የሚለምዱት መድኃኒቱ ሲያጥር ሳይሆን ሲረዝም ነው። በ2017 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በቢ.ኤም.ጄ. መጽሔት ላይ ይህንኑ ጽፈው ብዙ አከራክረዋል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት እንደገመተው በ2019 ብቻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን ገድለዋል።

ስለዚህ «ያጠረ ይሻላል» የሚለው አዲሱ ነፋስ እውነት አለው። ጥያቄው ግን ለማን ነው የሚለው ነው።

ብረቱ ገባ

የሰው ልጅ ሰውነቱ ውስጥ መለዋወጫ መትከል የጀመረበት ዘመን ከአንቲባዮቲክ ዘመን ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ስቶክሆልም ውስጥ አርነ ላርሶን ለሚባል ሰው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር የልብ ባትሪ ተተከለለት። መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት፣ ቀዳጅ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ነበሩ። የመጀመሪያው ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ላርሶን ግን በሕይወቱ ከሃያ በላይ ባትሪ ቀያይሮ እስከ 2001 ኖረ። በ1960 አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተከሉ። በ1962 ጆን ቻርንሊ እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ጀመረ።

ችግሩ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1957 ለንደን ውስጥ ኤሌክና ኮነን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ ወጉ። ባዶ ቆዳ ላይ መግል ለማምጣት ሚሊዮኖች ባክቴሪያ አስፈለገ። ባክቴሪያው የቁስል መስፊያ የሐር ክር ላይ ሆኖ ሲገባ ግን ጥቂት መቶዎች በቁ። አንዲት ክር! እንግዲህ ክር ይህን ካደረገ የግማሽ ክንድ ብረት ምን ያደርጋል?

ቻርንሊ መልሱን በገዛ ሕሙማኑ አየ። ብረቱ ከገባላቸው ከመቶ 7 ያህሉ ይመረቅዝባቸው ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አየር አጣርቶ፣ ልብሱንና ጓንቱን አሻሽሎ ቁጥሩን ወደ አንድ ገደማ አወረደው። ይህ ትልቅ ድል ነው። ያም ሆኖ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ቢገባም ከዓመታት በኋላ ከእግር ቁስል፣ ከሽንት ፊኛ፣ በደም ሥር ከሚገባ ቱቦ ተነሥቶ በደም የሚጓዝ ባክቴሪያ ሊያገኘው እንደሚችል እየታወቀ መጣ።

ለምን ብረት? ምስጢሩን የገለጠው ካናዳዊው ቢል ኮስተርተን ነው። በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ብቻውን እየዋኘ የሚኖር ፍጡር ሳይሆን ገጽ ላይ ተጣብቆ፣ ራሱ በሠራው ዝልግልግ ነገር ተሸፋፍኖ፣ በመንደር የሚኖር መሆኑን አስረዳ። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ረግጠው ያዳለጣችሁ ካለ ያንን ዝልግልግ ያውቁታል። ባዮፊልም ይባላል። በ1982 ኮስተርተንና ባልደረቦቹ ከአንድ ሕመምተኛ ልብ የወጣ የባትሪ ሽቦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ስታፊሎኮከሱ ሽቦው ላይ ወፍራም መንደር ሠርቶ ተገኘ። በ1987 ደግሞ አንተኒ ግሪስቲና ነገሩን እንደ እሽቅድድም ገለጠው። ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንደገባ የሰውየው ሕዋሳትና ባክቴሪያው ማን ቀድሞ እንደሚሰፍርበት ይሽቀዳደማሉ። ባክቴሪያው ከቀደመ ብረቱ የእርሱ ነው። ብረት ደም አይዞርበትም፤ ሕይወት የለውም፤ ራሱን አይከላከልም።

የቢገር እንቢተኞችም የሚበዙት እዚህ መንደር ውስጥ ነው። ከታች ያሉት ምግብና አየር ሲያንሳቸው ያንቀላፋሉ፤ መድኃኒቱ ያልፋቸዋል። በደም ውስጥ የሚዋኙት ይሞታሉ፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ሰውየው «ዳንኩ» ይላል። ከዚያ የተኙት ይነቃሉ። የኦክስፎርዱ ፖሊስ መድኃኒት አልቆበት ያየውን፣ ብረት ያለው ሰው መድኃኒቱ ሞልቶ ተርፎ እያለ ያየዋል።

ከደም ወደ ብረት

ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘበት ብረት ያለው ሰው ሁሉ ብረቱ ተበክሏል ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው የሐኪሙ ጭንቀት። አሜሪካ ያለው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎችን ቆጥሯል። በ2001 በወጣ ጥናት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይዘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደማቸው ውስጥ ከገባባቸው 44 ሰዎች በ15ቱ መገጣጠሚያው ተበከለ። በዚያው ዓመት የልብ ባትሪና መሰል መሣሪያ ካላቸው 33 ሰዎች በ15ቱ መሣሪያው ተበክሎ ተገኘ። በ2005 ሰው ሠራሽ ቫልቭ ካላቸው 51 ሰዎች በ26ቱ ኢንዶካርዳይተስ ተረጋገጠ። ከሲሶ እስከ ግማሽ ማለት ነው። ሳንቲም ወርውሮ እንደመጠበቅ ይቆጠራል።

ባክቴሪያው ሌላ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከሽንት ቧንቧ ተነሥተው ደም ውስጥ የሚገቡት እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ብረት ላይ የመስፈር ችሎታቸው ከስታፊሎኮከስ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ አለ» ማለት ብቻ አይበቃም። የትኛው? ሰውየው ውስጥ ምን አለ? ማውጣትስ ይቻላል? ቀኑ የሚቆጠረው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ነው።

ቀን አንድ መቼ እንደሆነ ራሱ ታሪክ አለው። እኛ የምንቆጥረው የመጀመሪያውን ክኒን ከዋጥንበት ቀን ነው። የደም ኢንፌክሽን የሚያክሙ ሐኪሞች ግን ብዙውን ጊዜ ቀን አንድ የሚሉት ደሙ ተመርምሮ ባክቴሪያ የጠፋበትን ቀን ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 ባወጣው መመሪያ ላይ ደግሞ የልብ ባትሪው ከተበከለ ባትሪውም ሽቦውም ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ከነበረ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ይሰጣል። ብረቱ እያለ የተሰጠው መድኃኒት አልተቆጠረም ማለት ይቻላል። በሌላ አነጋገር ቀኑን የሚያስጀምረው ቢላዋው ነው።

ቆጠራው በጥናት

ሁሉም ብረት ግን አይወጣም። የልብ ቫልቭ እንደ ሸሚዝ አይቀያየርም፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ዳሌ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ላይችል ይችላል። እዚህ ላይ የረዳን የእኛ አገር ሰው በቲቢ የሚያውቀው መድኃኒት ነው፦ ሪፋምፒሲን። ቲቢ ስድስት ወር የሚታከመው አንቀላፊዎች ስላሉት ነው፤ ሪፋምፒሲን ደግሞ አንቀላፊ የሚያገኝ መድኃኒት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ዚመርሊና ባልደረቦቹ በ1998 ብረታቸው ሳይወጣ ታጥቦ በተተወላቸው፣ ስታፊሎኮከስ በያዛቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሰጡ። ሕክምናውን ከጨረሱት ውስጥ ሪፋምፒሲን የተጨመረላቸው 12ቱም ዳኑ፤ ካልተጨመረላቸው 12 ሰዎች የዳኑት ሰባት ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ብረትን ሳያወጡ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ዋጋው ወራት ነው።

«ወራቱን ማሳጠር አይቻልም?» ብለው ፈረንሳዮች ጠየቁ። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያቸው የተበከለባቸውን 410 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለግማሾቹ 6 ሳምንት፣ ለግማሾቹ 12 ሳምንት። ውጤቱ በ2021 ወጣ። ኢንፌክሽኑ ያልለቀቃቸው በ12 ሳምንቱ ወገን ከመቶ 9.4፣ በ6 ሳምንቱ ወገን ከመቶ 18.1 ሆኑ። እጥፍ ገደማ! ብረቱ ታጥቦ በቦታው ከተተወላቸው መካከል ደግሞ ልዩነቱ ከሁሉ ሰፋ፦ 14.5 እና 30.7። «ያጠረ ይሻላል» የሚለው ነፋስ ብረት ሲያገኝ ቆመ።

ከዚያ በ2024 ትልቁ መጣ። ባላንስ የተባለው ጥናት በ7 አገሮች፣ በ74 ሆስፒታሎች፣ ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባቸውን 3,608 ሰዎች በዕጣ ለ7 ቀንና ለ14 ቀን ሕክምና መደበ። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በ7 ቀኑ ወገን ከመቶ 14.5፣ በ14 ቀኑ ወገን ከመቶ 16.1 ነበሩ። ሁለት ሱባኤ ከአንድ ሱባኤ የሚበልጥበት ነገር አልታየም። ይህ ከልብ የሚያስደስት ዜና ነው። ለብዙ ሕሙማን ሰባት የመድኃኒት ቀን ይቀንሳል።

ግን የጥናቱን በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እናንብብ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያለበት አይገባም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ወይም ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ያለው አይገባም። ረዥም ሕክምና የሚሻ ኢንፌክሽን ያለበት፣ ለምሳሌ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ብረት የተበከለበት፣ አይገባም። አጥኚዎቹ ልክ ናቸው፤ ሰባት ቀን ሊገድለው የሚችልን ሰው በዕጣ መመደብ ነውር ነው። ያም ሆኖ ውጤቱ ይህ ነው፦ ባለ ቫልቩ ዛሬም የሚታከመው ከ1944 ጀምሮ በተመላሾች በተቆጠረው፣ በኋላም በሐኪሞች ስምምነት በጸናው ስድስት ሳምንት ነው። ለሌሎቻችን ቁጥሩን ጥናት አሳጠረው፤ ለእርሱ ቁጥሩን የሚያቆመው ልምድና ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ የዱክን ቁጥሮች ላየ ሰው ከንቱ ፍርሃት አይደለም።

እኛ ሰፈር

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቤታችን እንምጣ። በአገራችን የልብ ቫልቭ በወጣትነት የሚያስቀይር ዋናው በሽታ የሚጀምረው ከልጅ ጉሮሮ ነው። ያ ፍሌሚንግ ተረት የሠራበት ስትሬፕቶኮከስ ልጁን ጉሮሮውን ያመዋል፤ ሳይታከም ያልፋል፤ ከሳምንታት በኋላ ሰውነቱ ባክቴሪያውን የተዋጋ መስሎት የገዛ ልቡን ይወጋል። ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። አሜሪካኖች በ1950 ወታደሮቻቸው ላይ አጥንተው የጉሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ይህ እንደማይመጣ አሳይተዋል። የጉሮሮው ሕክምና ዐሥር ቀን ነው፤ ወይም አንዲት የቤንዛቲን መርፌ። ዐሥር ቀን ያልታከመው ጉሮሮ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ቫልቭ ይሆናል።

ቫልቭ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ለዓመታት ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ኖረዋል። በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ እዚሁ የሚታከሙም አሉ። የመኪና አደጋ ደግሞ ስንቱን ወጣት ጭኑ ውስጥ ብረት አስገብቶለታል። እነዚህ ልጆች አብረውን ተምረዋል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ ሸሚዛቸውን ቆልፈው ጠባሳቸው አይታይም።

አንድ ቀን ትኩሳት ይይዛቸዋል። እንደ ሁላችንም ሠፈር ያለው ፋርማሲ ይገባሉ፤ «ጉንፋን ቢጤ ነው» ይላሉ፤ ሰባት ቀን ይሰጣቸዋል። ይሻላቸዋል። ጎረቤትም «ከተሻለህ ምን ያደርግልሃል፣ ተወው» ይላል። በእውነቱ ለጎረቤቱ ጉሮሮ ምክሩ ብዙም ላይከፋ ይችላል። ለባለ ብረቱ ግን ጉዳቱ ከማቋረጡ በፊት፣ በመጀመሪያዋ ክኒን ነው የተጀመረው። የደም ካልቸር ተወስዶ ቢሆን የባክቴሪያው ስም ይታወቅ ነበር። ክኒኑ ደሙ ውስጥ የሚዋኙትን ገድሎ ስማቸውን ያጠፋል፤ ብረቱ ላይ የተኙትን ግን አይነካቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ማንን ለስንት ቀን እንደሚያክም አያውቅም።

ስለዚህ ብረት፣ ባትሪ ወይም ቫልቭ ላላችሁ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እናት ላላችሁ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናወጣው ይህንን ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመጣ ከክኒኑ በፊት ሆስፒታል ሂዱ። እዚያም ባትጠየቁ እንኳ ቀድማችሁ «ሰውነቴ ውስጥ ብረት አለ» በሉ፤ የተተከለበትን ዓመትና ዓይነት የያዘውን ወረቀት ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ። «መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የደም ካልቸር ይወሰድልኝ» በሉ። ስም ከወጣለት በኋላ ደግሞ ሐኪሙን ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁት፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጥር ጠይቁት።